የቀኝ እግር ጫማ

የኢኮኖሚው ድቀት በጠና በሦስተኛው ዓመት መንግሥት ሥራ ለጠፋባቸው ሥራ የሚፈጥር ሕግ አወጣ፤ ማንም በገዛ ቤቱ ሥራ እንዳይሠራ ተከለከለ። የራሱን ሳህን ያጠበ ሁሉ የሥራ አጡን እንጀራ እንደ ነጠቀ ይቆጠራል። ለውብዓለም ቤት የተመደበው ምኒችል ድሮ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ መጥረጊያውን እንኳ የሚይዘው ለመነሣት ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አልጋ ሥር ሲጠርግ እንደ መስተዋት የሚያበራ የወንድ ጫማ አገኘ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ወለወለው?»

ውብዓለም ቀለም የነካውን ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ባሏ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፤ ጫማውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትወለውልለታለች።

«ጥሩ ቆዳ ነው። ራሱ ያበራል።»

«እኔ እኮ በቀን ስድስት ሥራ ካላሟላሁ ከምደባው እሰረዛለሁ። ዛሬ ያገኘሁት አምስት ነው፤ ስድስተኛውን እርስዎ አልጋ ሥር ደብቀውብኛል።»

ውብዓለም የቀለሙን ቆርቆሮ ከትራሷ ሥር አወጣች።

«ግራውን ይውሰዱ። ቀኙን አልሰጥም።»

ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መወልወል ጀመሩ። ምኒችል እጇ ላይ ያለውን ጫማ አየት አደረገ።

«የኔው ተረከዝ ደህና ነው፤ የእርስዎ ግን በአንድ ጎኑ አልቋል። ጋሼ ሲሄዱ ወደ ቀኝ ያዘነብሉ ነበር እንዴ? አውሮፕላን ቢሆኑ አናስነሣቸውም ነበር።»

ውብዓለም ፈገግ አለች።

«በቀኙ በኩል የምሄደው እኔ ነበርኩ» አለችና ብሩሹን ቀለም አስነካች።