የዶክተር ላላ ወጥመድ

ተመራማሪውን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚጠራው ዶክተር ላላ እያለ ነው። ስሙን ያወጣችለት አንዲት ሽቦ ናት። ከዓመታት በፊት «ጉድ አገኘሁ!» ብሎ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ጉዱ የላላ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሰው ስቆ ይረሳል ብሎ ነበር፤ ሰው ግን ስቆ ስም አወጣ። አሁን እሱ ራሱ ስልክ ሲያነሳ «ላላ ነኝ» ይላል። ሌላው ከሚቀድመው ራሱ ቢቀድም ይሻላል።

ዘንድሮ ግን የእውነት አገኘ። ወይም ያገኘ መሰለው።

ሥራው ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ክፉኛ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፍ ክሪስታል። ሞቅ ሲለው ጉልበቱ ይከዳዋል። ስስ ወርቅ ሲያለብሱት ደግሞ ሁለቱ በሚነካኩበት ድንበር ላይ ይብስ ይደክማል። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው። የዶክተር ላላ ናሙና ግን መጽሐፍ አላነበበችም። ባዶው ክሪስታል እጁን ከሰጠ በኋላም፣ ወርቅ የለበሰችው እሷ ሞቅ እያላት ጸናች።

ኮሪደር ላይ ወጥቶ ጮኸ። ከዚያ ደንግጦ ተመለሰና ሽቦዎቹን ፈተሸ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሽቦ ባየ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ሁሉም ጠብቀዋል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ሌላ ሰው በራሱ መሣሪያ ካልለካው እኔን ማን ያምነኛል?»

«ለማዶዋ ስጣታ።»

ማዶዋ ቤተ ሙከራዋ ከእሱ ትይዩ የሆነች ተመራማሪ ናት። በሽቦው ቀን ያልሳቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሱም የሚፈራት ለዚህ ነው። የሳቀ ሰው ወጥቶለታል። ያልሳቀ ምን እንደያዘ አይታወቅም።

በነጋታው ራሷ በሩ ላይ ቆመች። «ዶክተር፣ ትናንት ስትጮህ ሰምቼ ነው። ወርቅ የለበሰች ናሙና ካለችህ ለጥቂት ቀን ታውሰኛለህ?»

«ምን ገዶኝ!» አለ በሰፊው ፈገግ ብሎ። ሌባዋ በእግሯ መጣች፣ አለ በሆዱ።

ደህናዋን ናሙና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና፣ የተበላሹት ከሚጣሉበት ጣሳ አንዷን አወጣ። ይቺን ናሙና ምድጃ ውስጥ ከትቷት ሳለ ሚስቱ «ቤቱን ውኃ ወሰደው!» ብላ ደውላለት፣ ምድጃውን እንደለኮሰው ወደ ቤት ሮጦ ነበር። ሲመለስ ወርቁ አብጦ፣ መልኩ ጠቁሮ አገኘው። ምን ያህል እንደተጠበሰች ፈጣሪ ይወቅ። ሳይለካት ነበር የጣላት።

«ትስረቅና ትብላት» አለ።

ከዚያ ወዲህ የማዶዋ በር ተዘጋ። ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋር ስትንሾካሾክ አያት፤ እሱ ሲያልፍ ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ማዶዋ ስለ ወርቅና ስለ ክሪስታል ድንበር ንግግር ልታደርግ ነው። ዶክተር ላላ ማስታወቂያውን ሊስመው ምንም አልቀረው። እሷ ቆሻሻዋን ይዛ ስትዋረድ፣ እሱ እውነተኛዋን ይዞ ይነሳል። ንግግሩንም መስታወት ፊት ተለማመደ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች ሚስቱ።

«ከታሪክ ጋር።»

«ታሪክ እስኪመልስልህ ቧንቧውን እየው።»

በንግግሩ ቀን ጠዋት፣ ለክብሩ ያህል ደህናዋን ናሙና አንድ ጊዜ ልለካት አለ። አልጸናችም። ልክ እንደ መጽሐፉ፣ እንደውም ቀድማ ደከመች። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ሽቦ ሁሉ ሲፈትሽ የዘነጋት አንዲት ሽቦ ነበረች፤ የቴርሞሜትሩ። ዛሬ ናሙናዋን ሲያስገባ ሳያውቅ ነክቷት ገብታ ኖሯል። ባዶው ክሪስታል ከተለካ በኋላ ላልታ፣ እስከዛሬ ሙቀቱን አብዝታ ስታሳይ ነበር።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበት። ቢሆንም ወደ አዳራሹ ሄደ፤ ቢያንስ ብቻውን አይወድቅም።

ማዶዋ መድረክ ላይ ወጣች። «ይህችን ናሙና ስቀበል መልኳ አስፈርቶኝ ነበር» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ላላ አንገቱን ቀበረ።

«ስለዚህ እኔ ብቻ አልለካኋትም። በሁለት ሌሎች ቤተ ሙከራዎችም አስለካኋት፤ ውጤቱ አንድ ነው። ወርቁ ክሪስታሉን አላደከመውም፣ አበረታው። ማናችንም እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።» ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ሥራው የእኔ አይደለም፤ የእሱ ነው። ኃላፊያችንንም የለመንኩት ያ ቅጽል ስም ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀር ነው።»

ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ኃላፊው ክንዱን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣው።

«በል እንግዲህ ዶክተር፣» አለችው ማዶዋ ማይክሮፎኑን እያቀበለችው፣ «በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ሰዓት ነው የጠበስካት?»