አሸክሙኝ

«ሁለቱም ግሡን የሚያግዙ ከሆነ፣ አንዱ ረዳት ሲባል ሌላው ለምን አልተባለም?»

ጠያቂዋ የጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ሱሀይር ናቸው። መምህሩ ዘውገ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር በሰቀለው ሰሌዳ ላይ «ሂ ዊል ካሪ ኢት ስሎውሊ» ብሎ ጽፏል፤ «ቀስ ብሎ ይሸከመዋል» ማለቱ ነው። «ዊል» ረዳት ግሥ፣ «ስሎውሊ» ተውሳከ ግሥ። ልዩነቱን በእንግሊዝኛ አብጠርጥሮ ያውቀዋል፤ በአማርኛ ግን አልወጣ አለው። ስኮትላንድ ያስተማሩት ሽማግሌ፣ «የኛ ሰዋስው በናንተ ቋንቋ አይብራራም» ብለውት ነበር። እውነታቸውን ይሆን? አገር ቤት ከገባ ጀምሮ ይኸው ጥርጣሬ እንቅልፍ ነስቶታል።

መጋዘናቸውን ለሰንበቱ የእንግሊዝኛ ትምህርት ያዋሱት ጋሼ ይመር በሩ ላይ የበርበሬ ጆንያ አስደግፈው ቆመዋል።

«ዛሬም ካልገባቸው ነገ በርበሬዬን አስገባለሁ ብያለሁ። ቃል ቃል ነው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ አስነጠሰ። «ይኸው፣ በርበሬው ገና ሳይገባ ማስተማር ጀመረ!» ሲል ጎረቤቱ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ዘውገ አልሳቀም። ጆንያውን አየ። የእህል ገበያው ሰፈር እህል በረንዳ ነው ያደገው፤ እዚያ ሸክም ሥር የተንበረከከን ሰው ሳያሸክሙ ማለፍ፣ ጠላትም ቢሆን፣ ነውር ነው። የውጭ አገር ኮቱን እንደለበሰ ሄዶ ጆንያው ሥር በርከክ አለ።

«አሸክሙኝ!»

ላስብ ያለ የለም። ጋሼ ይመር ራሳቸው ዘለው አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እትዬ ሱሀይር ሌላውን። ጆንያው ጀርባው ላይ ወጣ።

«ቀስ! ቀስ በል አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ የቀሩት።

እንደምንም ቀና አለ። «እኔ ግሡ ነኝ» አለ፣ ትንፋሽ እያጠረው። «ቀስ በል ባትሉኝ ኖሮ አልነሣም ነበር?»

«ትነሣለህ እንጂ! እንደ ፍየል እየዘለልክ!»

«ባታሸክሙኝ ኖሮስ?»

እትዬ ሱሀይር ጆንያውን ደግፎ ያነሣውን እጃቸውን አዩ።

«ያለ እኔማ አትነሣም! እኔ ነኛ ዊል!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። «እናንተ ጩኸታሞች ደግሞ ስሎውሊ!»

«ጋሼ፣ ይሄን የት ላውርደው?» አለ ዘውገ።

ጋሼ ይመር በሩን ወለል አድርገው ከፈቱለት። «ወደ ውጭ ነዋ! ቃል ቃል ነው።»

ዘውገ በማግስቱ ስኮትላንድ ላሉት ሽማግሌ ካርድ ላከ፦ «ገባቸው። በአማርኛ።» መልስ ሳይመጣ ዓመት አለፈ፤ የኮቱ ጀርባ ግን ዛሬም በበርበሬው እንደቀላ ነው።