ሌላ ሰው ይዞታል

«ይሄ ነገር ዛሬም እምቢ አለ?» ትላለች እማዬ፣ መቀሱን ከጨርቁ ላይ ሳታነሳ።

እምቢ ብሏል። ስዕሉን ወደ ስፌት የሚቀይረው ፕሮግራም አይከፈትም፤ እሱ ካልተከፈተ ደግሞ የጥልፍ ማሽኑ ዝም ብሎ የቆመ ብረት ነው። ትናንት አፕዴቱ መሃል ላይ እያለ መብራት ሄደና ኮምፒውተሩ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ቀረ። አንዱን ልጭን ስል ሌላው ይጎድላል ይለኛል። የጎደለውን ልጭን ስል መጀመሪያ ያኛውን ይለኛል። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተሩ ሲስተም ሲያኮርፍ እንደ ቤተዘመድ ነው፣ አንዱ ከተቀየመ ሁሉም ይቀየማል።

«እኔ አልነካሁትም!» ትላለች ዚፕ ከጥጉ። አብራን የምትሰፋ ልጅ ናት፤ ዚፕ የምንላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። «ኋላ በእኔ እንዳታላክክ!»

«ማን ምን አለሽ?»

«አስተያየትህን አየሁት እኮ!»

«አንቺ ስፌትሽን ስፊ» ትላታለች እማዬ። ከዛ ወደ እኔ ዞራ፣ «ትምህርት ቤቱ የዩኒፎርሙን አርማ ከምሳ በኋላ ይወስዳል። ካልደረሰ ለከርሞ ለሌላ ነው የምንሰጠው ብለውኛል። ሙልጭ አድርገህ አጥፋውና እንደ አዲስ ጫነው፣ በቃ።»

ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው፤ አዲሱ ሲስተም እሱ ላይ አለ።

ይሄን ኮምፒውተር ያቆመልን ታላቅ ወንድሜ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ ሳይመጣ የቀረው። ከዛ ወዲህ እማዬ ስሙን አትጠራም፣ ሲደውልም አታነሳም። እኔ መጀመሪያ በእሷ ፊት ማንሳት ተውኩ፣ ቀስ እያልኩ ከኋላዋም ተውኩ። ተናድጄ አይደለም። እጅ ሲደነዝዝ እንዴት ነው? እጁ አለ፣ ግን የራስህ አይመስልህም። እንደሱ ነው።

የመጨረሻ ሙከራ ብዬ «የተሰበረውን ጠግን» የሚለውን ትዕዛዝ እጽፋለሁ።

አይቻልም ይለኛል። መቆለፊያውን ሌላ ሰው ይዞታል።

ይሄ ያጋጥማል። ሁለት ሰው ባንዴ እንዳይጭን ኮምፒውተሩ መቆለፊያ አለው፤ ስራ ሲቋረጥ አንዳንዴ ሳይፈታ ይቀራል። ጀማሪ ሰው ዝም ብሎ ይሰርዘዋል። እኔም ልሰርዘው ጣቴን ቁልፉ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ነው፣ እስቲ ማን ማን አለ ብዬ ኮምፒውተሩን የጠየቅኩት።

ሁለት መስመር ያወጣል። አንዱ እኔ ነኝ፣ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። ሁለተኛው ማጥፋት የረሳሁት የታላቄ መግቢያ ስም ነው። ከሩቅ፣ በኢንተርኔት የገባ። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ።

አየዋለሁ። ደግሜ አየዋለሁ።

የሚሰራውን ማየት ይቻላል። አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ የጎደሉትን ያስገባል፣ አንዱ እምቢ ሲለው ወደኋላ ይመለስና በሌላ በኩል ይመጣበታል። አይቸኩልም። ልጅ ሆነን የጫማዬ ክር ሲቋጠርብኝም ተንበርክኮ እንዲህ ነበር የሚፈታልኝ፣ በጥፍሩ፣ ቀስ ብሎ።

ማታ ተበላሽቶ አድሮ ጠዋት ስነካው እሺ ይለኝ የነበረው ሁሉ እሱ ነው ማለት ነው። እማዬ «እጅህ ይባረክ» ያለችኝ ሁሉ።

«እንዴት ሆነልህ?» ትለኛለች እማዬ።

«እየሰራ ነው።»

«ሳይነካው?» ዚፕ አንገቷን ታሰግጋለች። «እጁ ጭኑ ላይ ነው እኮ! ኸረ እዩልኝ፣ ቁጭ ብሎ ደሞዝ!»

ስክሪኑ ላይ ድንገት ጽሑፍ ይወጣል፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። እሱም የእኔን መስመር አይቷል።

«አታጥፉት። ትንሽ ቀርቶኛል።»

መስመሮቹ መሮጣቸውን እስኪያቆሙ እጠብቃለሁ። ከዛ ፕሮግራሙን ስከፍተው ይከፈታል። አርማው ቦታው ላይ ነው፣ መጽሐፉም ችቦውም። ላክ የሚለውን ስነካ ማሽኑ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ይነሳል፣ መርፌው በሰማያዊው ክር ይጀምራል። ዚፕ ታጨበጭባለች።

«እጅህ ይባረክ የኔ ልጅ» እማዬ መጥታ ከኋላዬ ትቆማለች። እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። «ግን ከእንግዲህ እንዲህ አልሳቀቅም። ይቺን ስራ ይጨርስና አሮጌውን ሁሉ ሙልጭ አድርገህ አጥፋልኝ። እሺ?»

«እሺ።»

እሺ ያልኩት አፌ ነው። ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ በጣቶቼ መሃል አገላብጠዋለሁ። ካጠፋሁት እሱ የሚገባበት በርም አብሮ ይጠፋል። ሌላ በር ደግሞ የለውም።

ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል።

«እማዬ እንዴት ናት?»

ከስሩ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። እማዬ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ በትከሻዬ በኩል ታጎነብሳለች። የፈረንጅ ፊደል አታነብም። ትንፋሿ ጆሮዬ ስር ነው።

«ማነው የሚጽፍልህ?»

ከኋላችን መርፌው ይወጋል፣ ይወጋል። ሁለቱም መልስ እየጠበቁኝ ነው፣ አንዷ ከጀርባዬ፣ አንዱ እዛ ውስጥ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?