የሐይቁ ድርሻ

አዲሱ መሣሪያ ትዝታን አይቀዳም፤ ነቅሎ ይወስዳል። ከባሕር ማዶ ተምራ መሣሪያውን ይዛ የተመለሰችው ሠዓሊ ሩቅያ ይህን ከአጎቷ ከአያ ይማም አልደበቀችም። ለዐውደ ርእይዋ የሐይቁን ጥልቀት ለክታ፣ ጭቃውን መርምራ፣ የቀራት እሳቸው የሚተርኩት የሐይቁ ዘንዶ ታሪክ ብቻ ነበር። ትናንት «ውሰጂው» አሏት፤ በመሣሪያው ወሰደችው።

ዛሬ ጠዋት አያ ይማም ታንኳው ላይ ቆሏቸውን ይቆረጥሙ ጀመር። ወትሮ የመጀመሪያው እፍኝ ለውሃው ይበተን ነበር።

«አያ፣ የሐይቁስ ድርሻ?»

«ሐይቅ ጥርስ አለው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ሩቅያ ደነገጠች። ከሃያ ዓመት በፊት የሰመጠችው ልጃቸው ከድጃ የዘንዶው ሙሽራ ሆና ከሐይቁ ሥር እንደምትኖር፣ እፍኙም የእሷ ቁርስ እንደሆነ፣ እሳቸው የነገሯትን ሁሉ መልሳ ነገረቻቸው።

«ደስ የሚል ተረት ነው፤ ማን ነገረሽ?» አሉ እየቆረጠሙ። ከዚያ መንጋጋቸው ቆመ።

«ከድጃ ግን ሞታለች፣ ልጄ።»