ከዓሣ ጆሮ የወጣ ጠጠር

ኤድቪን ወንበሩን ገፍቶ ሲነሳ የስብሰባው አዳራሽ ጸጥ አለ። ጉንቮር አንገቷን ደፋች፤ ምን እንደሚከተል ታውቃለች።

«አንቺ ልጅ!» አላት። «ይሄን ሰላጤ ዘግታችሁ ልጄ ምን ይብላ? ኮምፒውተርሽን ቀቅሎ ይብላ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው!» ብሎ ጨመረበት፤ ጉንቮር የምትሠራበትን የዓሣ ምርምር ተቋም አለቆች ማለቱ ነው።

«ትልልቅ ዓሣ የለም ያለው ማነው?» አለ ሌላ አጥማጅ። «በቀደም ሁለት እጄን ሙሉ የሚሆን ኮድ ዓሣ አውጥቻለሁ። ኤድቪን፣ ንገራት እንጂ!»

«እኔ የዓሦቹን የጆሮ ጠጠር ልኬላታለሁ» አለ ኤድቪን። «እሱን ትቁጠር።» ተቀመጠ።

በቀደም ያየውን ትልቅ ዓሣ የማያወራ አጥማጅ የት አለ? ጉንቮር ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ወሬ ነው። የተወለደችው እዚሁ ስቶርቪክ መንደር፣ ከኤድቪን ቤት ፊት ለፊት ነው። ተቋሙ ሲቀጥራት ጎረቤቱ ኬክ ጋግሮ አብሯት ተደስቶ ነበር። ያው ጎረቤት ዛሬ መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞራል።

ሥራዋ ስሌት ነው። የኮድ ዓሣ ዕድሜ የሚታወቀው ጆሮው ውስጥ ካለች ጠጠር ነው፤ እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ ቀለበት ትጨምራለች። የዓሦቹ ዕድሜ፣ የገበያው ዋጋ፣ የነዳጁ ወጪ ተደምሮ የኮምፒውተር ስሌቱ፣ ሞዴሉ ውስጥ ይገባል። ሞዴሉም ይህን ያህል አጥምዱ፣ ይህን ያህል ለዘር አስቀሩ ይላል። ዘንድሮ ግን ክፉ ነገር ተናገረ። እንቁላል ጣዮቹ ትልልቅ ዓሦች አልቀዋልና ሰላጤው ይዘጋ አለ።

ጠጠሩን የሚሰበስበው ደግሞ ማን ሆነና! ራሱ ኤድቪን ነው። በየሰላጤው አንድ የታመነ አጥማጅ ይመረጣል፤ ከሚያወጣው ዓሣ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ እንደ አመጣጡ ጠጠሩን እያወጣ ለተቋሙ ይልካል። ኤድቪን በዚህ ሥራ ነው ያረጀው።

ከስብሰባው ስትወጣ የኤድቪን ልጅ ዮማር ወደቡ ላይ ጀልባ ይቀባ ነበር። የታላቅ ወንድሙ የስቴይናር ጀልባ ነች። አምና በጥር ወጀብ ጀልባዋን ማዕበሉ ወደ ዳር መልሷታል፤ ስቴይናርን ግን አልመለሰውም።

«አባቴ ገደለሽ አይደል?» አላት ዮማር እየሳቀ።

«ቀብር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አትቀየሚው፤ ለእኔ ብሎ ነው። ጥር ሲገባ በዚች እወጣለሁ። ካልዘጋሽብኝ ማለቴ ነው።»

«ሌላ ሥራ አታስብም?»

«እኔ? የኤድቪን ልጅ? ባሕሩ እያለ?»

ኤድቪን አጠገባቸው ደርሶ አለፈ። ቀና ብሎም አላያቸው። እኔን ላለማየት ነው፣ አለች ጉንቮር በልቧ።

በማግስቱ ለአለቃዋ ለሃልቫርድ ደወለች።

«ሞዴሉ ቢሳሳትስ?» አለችው። «የሰው እንጀራ እኮ ነው።»

«ጠጠር የሚልክልን ሰውዬ መዘጋቱን ይቃወማል?»

«ከሁሉም በላይ።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅሻል? ቢያጭበረብር ትልልቁን መርጦ ነው የሚልክልሽ። እንደዚያም ሆኖ ውጤቱ ይሄ ከሆነ እውነቱ የባሰ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲያ የኤድቪንን ጠጠሮች ባየች ቁጥር፣ ይህ ሽማግሌ ስንት ትልልቅ እየጨመረበት ይሆን ትል ጀመር። ጥርጣሬዋንም ስሌቱ ውስጥ አስገባች። ሁለት ዓመት ይዘጋ የተባለው ሰላጤ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ከባድ ነበር። የመንደሩ የዓሣ ማዘጋጃ ፋብሪካ በሩን ዘጋ። ዓሣ ስትበልት የኖረችው ፔትራ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እህቷ ከተማ ሄደች። የጉንቮርን እናት ሱቅ ውስጥ ሰላም የሚላት ጠፋ። ጉንቮር እንቅልፍ አጣች። ሞዴሉን ደጋግማ አስኬደችው፤ ያው መልስ ነው የሚሰጣት።

ዮማርም ቀኑን ሙሉ ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ሰነበተና ተስፋ ቆረጠ። ለአንድ አገር ጎብኚ ሸጣት፤ ትሮንድሄም ከተማ የኤሌክትሪክ ሥራ ሊማር ተመዘገበ።

የሄደ ዕለት ጉንቮር አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ መጣች፤ ራቅ ብላም ቆመች። ኤድቪን ልጁን አቅፎ አልለቅ አለ። «ኧረ አባዬ፣ ሹፌሩ እየጠበቀ ነው!» እስኪለው ድረስ። አውቶቡሱ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆየ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ ተከተይኝ።»

ስድብም ቢሆን ይገባኛል ብላ ተከተለችው። ጀልባ ማስቀመጫው ቤት አስገባትና ከአሮጌ መረብ ሥር አንድ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ጎትቶ አወጣ። በሁለት እጁ አቅፎ አስረከባት፤ ይከብዳል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ወደ ክዳኑ ጠቆማት። ክዳኑን ከፈተችው። እስከ አፉ ድረስ የኮድ ጠጠር ነው፤ ተቋሙ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ እንኳ ያላየችው ዓይነት ትልልቅ ጠጠር። አንዱን ለሁለት ሰብራ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ቀለበቱ ተደራርቦ ለመቁጠር ያስቸግራል።

«ይሄኛው ልጄ እንኳ ከባሕሩ ርቋል» አለ ኤድቪን። «አሁን ሰላጤውን ክፈቺው።»