አራስ ያለበት ቤት

ሰውየው የገዛው ግቢ ተከራዮች እንዳሉበት ያውቅ ነበር። ሻጩ «አንድ ቃል ከነገርካቸው ይወጣሉ» ስላለው፣ ቃሉን መንገድ ለመንገድ እየተለማመደ መጣ። እሱም ራሱ የተከራየውን ቤት በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቅ ተነግሮታል።

በሩን የከፈቱለት የተከራይዋ እናት ናቸው።

«አዲሱ ባለቤት አንተ ነህ? እግርህ እርጥብ ነው፤ ልጄ ትናንት ሴት ልጅ ተገላገለች። ግባ እንጂ፣ አራስ ቤት ደጅ ላይ አይቆምም።»

«እኔ እንኳን የመጣሁት…»

«ቅመስና ትነግረናለህ።»

ገባ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፤ ሌላ ምን ይላል? ቅቤ መሐሉ ላይ የቀለጠበት ገንፎ ቀረበለት። አንዴ ከጎረሰ በኋላ «ልቀቁ» የሚለውን ቃል ከገንፎው ጋር ዋጠው። ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን ሊታገስ ለራሱ ቃል ገባ።

ሰማንያው ቀን ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምላሷ ምላጭ ነው ብሎ የሚመካባትን ሚስቱን ላከ። አመሻሹ ላይ ተመለሰች።

«ነገርሻቸው?»

ሚስቱ ነጠላዋን አጥፋ ስታበቃ፣ «ነገ ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይኑን ሳታየው።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው መጡ። አሮጊቷ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና በደስታ እየሳሙ ተቀበሏቸው።

«እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» አሏቸው። «ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ጠርገን አዘጋጅተንላችኋል።»