ማዘዣ የጠየቀው ሰው

ፖሊሱ ባለፈው ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ አንድ በር ገንጥሎ ገብቷል። ውስጥ ያገኘው ግን ወንጀለኛ ሳይሆን ገላዋን የምትታጠብ ሴትዮ ነበረች። ዳኛው በሕዝብ ፊት «የሰው ቤት አይደፈርም! ለመሆኑ ሕገ መንግሥቱን አንብበህ ታውቃለህ?» ብለው ልክ ልኩን ነገሩት። የጣቢያው አዛዥም አንድ ቀን ቢደግመው ዩኒፎርሙን እንደሚያስወልቀው ማለለት። ጓደኞቹ ደግሞ «አባ ገንጥል» የሚል ስም አወጡለት። ከሁሉም ያንገበገበው ይሄኛው ነው።

ስለዚህ ዛሬ የፋርማሲዋ ባለቤት «ጎረቤት ቤት ግድግዳ የሚፈርስ ይመስላል፤ ኧረ ድረሱ!» ብላ ስትደውል፣ ሄዶ በሩን በጣቱ ጫፍ አንኳኳ።

እጅጌው መዳፉን የሸፈነው ቢጃማ የለበሰ ጎልማሳ በሩን ገርበብ አደረገ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ምን ነበር?»

«ድምፅ ተሰማ ተብሎ ነው፣ ጌታዬ። ገባ ብዬ ልይ?»

«ማዘዣ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«እንግዲያው እዚያው ቁም። ቁም ሣጥን መግፋትም ወንጀል ሆነ እንዴ? ሕገ መንግሥቱን አንብበህ ታውቃለህ?»

ያቺው ጥያቄ! የፖሊሱ ጆሮ ጋለ። በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያይ ወለሉ ላይ የተዘረገፉ መሳቢያዎች ታዩት። ይሄ ሰው አንድ ነገር ይደብቃል፤ ምናልባትም መሣሪያ። እግሩ ወደ ውስጥ ሊል ሲዳዳው የልጆቹ ጉሮሮ ትዝ አለውና መለሰው።

«ማዘዣዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ና፣ ምን ቸገረኝ! መብቴን ካከበርክልኝ በክብር አስገባሃለሁ» አለ ሰውየው፤ እጅ ነስቶም በሩን ዘጋ።

ፖሊሱ በሩጫ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ጉዳዩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«እውነት አልገባህም?»

«የጫማዬን ጫፍ አላስገባሁም፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ! ሰው ከስህተቱ ሲማር እንዲህ ነው። ሰውየውም ቢሆን ወንድ ነው! መንግሥትን ደጃፉ ላይ "ቁም!" የሚል ዜጋ ስንት አለን? ጥፋት ከሌለበት እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።»

ፖሊሱን የሙገሳው ብዛት አሳፈረው። ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አነሱ።

«በል፣ አድራሻውን ንገረኝ።»

«ከፋርማሲው ጋር አጥር የሚጋራው፣ በረንዳው በብረት የታጠረው ቤት ነው።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ልጄ» አሉ ዳኛው ድምፃቸው ሰልሎ፣ «እዚያ ቤት እኮ ከእኔ በቀር የሚኖር ሰው የለም።»